ሟች የሌለበት ድንኳን

እኛ አምባ ውስጥ ማንም ሳይሞት ድንኳን ተተክሎ፣ ንፍሮ ተቀቅሎ፣ ሙሾ ወርዶ ያውቃል ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አታምኑም። እኔም ድንኳኑ የተተከለው በራሴ ደጅ ባይሆን ኖሮ የሥራ ፈት ወሬ ነው ብዬ አልፈው ነበር። ግን ደጁ የእኔ ነው፤ ያስለቀስኩትም ያሳቅኩትም እኔው ነኝ። ሌላ ሰው አጣሞ ከሚነግራችሁ ከባለቤቱ ስሙት።

ይመር እባላለሁ። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው አሶሳ ዙሪያ ካሉት የሰፈራ አምባዎች በአንዷ የሰፈሩ ናቸው። እኔ የተወለድኩት እዚሁ ነው፤ ማንጎ ስበላ አደግኩ፣ አፌ ግን እስከ ዛሬ ወሎ ነው። ጎረምሳ ሳለሁ ውትድርና ገባሁ፣ ሃምሳ አለቃ ሆንኩ፣ እግሬን ቆሰልኩና ተሰናብቼ ወደ ሚስቴ ወደ ሉባባና ወደ ልጄ ወደ ሰሚራ ተመለስኩ። በግ ታርዶ፣ ተጨፍሮ ነበር የተቀበሉኝ። እግሬ ዳነ። እንቅልፌ ግን አልዳነም።

ሌላውን ሁሉ እንደምንም ብችለው ጡሩምባውን አልቻልኩም። እኛ አምባ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እድሩ አንድ ነው። ሰው ሲሞት የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ጎህ ሲቀድ መንደሩን እየዞረ ይነፋል፤ «እገሌ አርፏልና ለቀብር ውጡ!» ይላል። የእኛ ጡሩምባ ነፊ ባባ ሀምዳን የሚባሉ የበርታ ሽማግሌ ነበሩ። በወጣትነታቸው ዋዛ የሚባለውን የበርታዎችን ረጅም የቅል መለከት ሲነፉ ሠርግ ያደምቁ ስለነበር ሳንባቸው በአገር የታወቀ ነው፤ አማርኛን ግን ዘግይተው ስለለመዱት ይሰብሩታል። እድሩ ሲቋቋም ከእሳቸው ሌላ ማን ይታጫል ተባለና ጡሩምባው ተሰጣቸው።

ባባ ሀምዳን ሲነፉ እኔ አሶሳ መሆኔን እረሳለሁ። አንድ ጊዜ ሉባባን ከነብርድ ልብሷ ጎትቼ አልጋ ሥር ከትቻታለሁ። ሌላ ጊዜ ባዶ እግሬን ወጥቼ፣ ለቀብር የሚሄዱትን ጎረቤቶቼን «መሬት ያዙ!» ብዬ ጮህኩባቸው። አጯጯሄ ምን ዓይነት እንደነበር አላውቅም፤ ብቻ የእድሩ ዳኛ እንኳን በነጭ ጋቢያቸው ጭቃው ላይ ተኙ። ዛሬ ይህ ሲወራ ይሳቃል። ያኔ ግን ልጄ ሰሚራ አልሳቀችም። እኔ ባለሁበት ክፍል መተኛት ትታ ነበር። ስጠራት ትመጣለች፤ ግን በሩን እያየች ነው የምትመጣው፣ መሮጥ ቢያስፈልግ እንዲያመቻት። ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ የገዛ ልጄ እንደዚያ ስትፈራኝ ማየት ግን ከሁሉም በላይ ከበደኝ።

ስለዚህ ልሄድ ወሰንኩ። በኩርሙክ በኩል ወርቅ ቁፋሮ አለ፤ ጉድጓድ ውስጥ ጡሩምባ አይሰማም ብዬ አሰብኩ። ለሉባባ «ትንሽ ሠርቼ እመለሳለሁ» አልኳት። እሷ ሻንጣዬን አዘጋጀች። የክረምት ካፖርቴን ሳይቀር ልብሴን ሁሉ አጣጥፋ ስትከት ሳይ፣ እመለሳለሁ ማለቴን እንዳላመነች ገባኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም አላመንኩትም ነበር።

ጠዋት መናኸሪያ የሚያደርሰኝ ባጃጅ ቀጠርኩ። የባጃጅ ሹፌር ምስጢር አይቋጥርም የሚባለውን ረስቼ ነው።

ገና ሰማዩ ሲገረጣ በሩ ተንኳኳ። ሻንጣዬን ይዤ ከፈትኩ። ባጃጅ የለም። ሼህ አራጋውና ቄስ ሞገስ ጎን ለጎን ቆመዋል።

አንባቢ ሆይ፣ አንድ ነገር ላስረዳህ። በእኛ አምባ ሼሁና ቄሱ ለየብቻ ከመጡ እንግዳ ናቸው፤ ተቀምጠው ይጫወታሉ፣ በልተው ይሄዳሉ። አብረው፣ ያውም በንጋት ከመጡ ግን መርዶ ነው። ሟቹ የየትኛውም ሃይማኖት ሰው ይሁን ሁለቱም ናቸው የሚያረዱት። ከዚህ ሌላ ምክንያት ኖሯቸው ያውቃል ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

«አሰላሙ አለይኩም» አሉ ሼህ አራጋው ቀስ ብለው።

«ወአለይኩም ሰላም። ምነው አባባ፣ በደህና?»

«በደህና ነው» አሉ ቄስ ሞገስ። «እንግባ?»

ገቡ። ተቀመጡ። ዝም አሉ።

ሼሁ ዝምተኛ ናቸው፤ የእሳቸው አላስደነገጠኝም። ቄስ ሞገስ ግን ጨዋታ አዋቂ ናቸው፤ ዝምታ ለእሳቸው ከሑዳዴ ጾም ይከብዳቸዋል። እሳቸው ዝም ብለው የራሳቸውን ጉልበት ሲያዩ ሻንጣዬን መሬት አስቀመጥኩ።

«ሻይ ላፍላላችሁ?»

«ተወው ልጄ። ና፣ መሃላችን ተቀመጥ» አሉ ቄሱ።

መሃላችን! ሰው መርዶ ሲረዳ በግራና በቀኝ ይዘው ነው፤ ራሱን እንዳይጥል። ተቀመጥኩ። ሼህ አራጋው እጄን ያዙ።

«እንዴት ነህ ይመር?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።»

«እሱን አይደለም። የእውነት እንዴት ነህ? ሆድህን የከበደህን አውጣው፤ እኛ ልንሰማህ ነው የመጣን።» ይህን ብለው ደግሞ ዝም አሉ። ቄሱም ዝም አሉ። ከጓሮ ዶሮ ጮኸ።

«ማን ነው?» አልኩ።

«ማን ምን?»

«አትደብቁኝ አባባ፤ ወታደር ነኝ፣ እችለዋለሁ። ማን ነው የሞተው?»

ይህን ጊዜ ሉባባ ከጓዳ ብቅ አለች። ሼሁን አየች፣ ቄሱን አየች፣ የተያዘ እጄን አየች። አባቷ ወሎ ውስጥ ሐይቅ አጠገብ ይኖራሉ፤ ሰሞኑን ታመዋል ተብሎ ተደውሎላት ነበር። «አባዬን!» ብላ የጮኸችው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

«ኧረ ማንም አልሞተም!» አሉ ቄስ ሞገስ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «ሉባባ፣ በእመብርሃን፣ ማንም አልሞተም!»

እንዲህ ማለታቸው ባሰ። የሚያረዳ ሰው መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነዋ! «ትንሽ አሞት ነው፣ ምንም አይደል» ይባላል፤ ከዚያ ነው ቀስ እያለ የሚመጣው። ሉባባ «አውቄዋለሁ፣ አትሸነግሉኝ!» እያለች ደረቷን መምታት ጀመረች።

ከቀርከሃው አጥር ማዶ እማ የሺ ይኖራሉ። እማ የሺ በአምባችን ሙሾ አውራጅ ናቸው፤ ለቅሶ ከሰሙ የማን ነው ብለው ሳይጠይቁ ነው የሚጀምሩት። ጀመሩ። የእሳቸውን ድምፅ ከላይኛው ጥግ ባባ ሀምዳን ሰሙ። ባባ ሀምዳን ደግሞ ለሥራቸው ታማኝ ናቸው።

ጡሩምባው ተነፋ።

ቀጥሎ ምን እንዳደረግኩ እኔ አላውቅም፤ ነግረውኝ ነው። ሁለቱን ሽማግሌዎች በሁለት ክንዴ አንገታቸውን ይዤ ወለሉ ላይ ጣልኳቸውና ተኛሁባቸው። ወደ ራሴ ስመለስ ጉንጬ አፈር ላይ ነው፤ በግራ ብብቴ ሼህ አራጋው፣ በቀኝ ብብቴ ቄስ ሞገስ አሉ። የሁለቱም ጥምጣም ተፈትቶ ተጠላልፏል። ጡሩምባው ገና አላበቃም፤ ልቤ እየዘለለ ነው።

«ይመር» አሉ ሼሁ ከብብቴ ሥር ሆነው በሹክሹክታ። «እንነሳ ወይስ እንቆይ? አዛዡ አንተ ነህ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው ሁሉ «ምንም የለም፣ ተነስ» ነበር የሚለኝ። ምንም የለም የሚል ሰው አጠገቤ ሲቆም ይበልጥ ብቻዬን እሆን ነበር። እንቆይ ወይ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።

«ቆዩ» አልኩ።

«እሺ፣ እንቆያለን።»

«እኔ የወንበሩ እግር ጎኔን ወግቶኛል» አሉ ቄስ ሞገስ። «ግን ግድ የለም፣ እንቆይ።»

ሦስታችንም አፈር ላይ ተኛን። ሼሁ በዝግታ ይተነፍሳሉ፤ የእሳቸውን ትንፋሽ እየሰማሁ የእኔም ቀስ በቀስ ረገበ። ጡሩምባው ወደ ታችኛው ሰፈር ራቀ። ዶሮው እንደገና ሲጮኽ ሰማሁት፤ ዶሮ መሆኑንም አወቅኩ።

«አለፈ» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ በአንድ አፍ። ቀና ስል ሰሚራ በሩ ላይ ቆማለች። ሦስታችንን አየች። ፊቷ ላይ ፍርሃት ፈለግኩ፤ ያየሁት ግን ግርምት ነው።

«አባዬ» አለች፣ «ሼሁንም አስተኛሃቸው?»

ቄስ ሞገስ ይሄኔ መታገስ አልቻሉም። ወለሉ ላይ እንዳሉ ሳቁ፤ ሳቃቸው እኔ ላይ ተጋባ። ሉባባ እዚያ ማዶ አባቷን እያለቀሰች፣ እኛ እዚህ እንስቃለን።

ውጭ ስንወጣ ከማንጎው ሥር ድንኳኑ ቆሟል። የእኛ እድር ጎረምሶች እሳት ቢነሳ እንዲህ አይፈጥኑም። ንፍሮ ተጥዷል። ሰው ጋቢውን አዘቅዝቆ ለብሶ ተሰልፏል። ባባ ሀምዳን ጡሩምባቸውን ይዘው ከሰልፉ ፊት ቆመዋል፤ የሟቹን ስም ለማወቅ።

«ጀናዛ የታለ?» አሉ።

«ጀናዛ የለም ባባ» አሉ ሼሁ ጥምጣማቸውን እየጠመጠሙ። ቆይቶ ሲታይ የቄሱን ነበር የጠመጠሙት። «የሞተ ሰው የለም።»

«እንዴት የለም? ወላሂ እኔ ለቅሶ ሰማ! ሚስቱ ጮኸ፣ የሺ ጮኸ። ሁለት ሴት ከጮኸ ሞት አለ። ሞት ካለ ጡሩምባ አለ። እኔ ምን አጠፋ?»

ሉባባ እስኪጣራ አልጠበቀችም፤ ወሎ ደወለች። አባቷ ራሳቸው አነሱት። እየሳሉ «ምን ሆናችሁ በንጋቱ? ሰው ይተኛበት እንጂ!» ሲሉ ድንኳኑ ሁሉ ሰማ። ሉባባ ስልኩን ዘግታ እንባዋን ጠረገችና ሁለቱ ሽማግሌዎች ላይ አፈጠጠች፦ «እና ለምንድን ነው የመጣችሁት?»

ሼህ አራጋው ተናገሩ። ለካ ሰሞኑን የየአምባው ሼሆችና ቄሶች አሶሳ ተጠርተው ሥልጠና ወስደዋል። ያሠለጠነቻቸው ሲስተር ብርቱካን ከአዳማ ተመድባ የመጣች የአእምሮ ጤና ነርስ ናት። «ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው ጭንቀቱን ይዞ ወደ እኔ አይመጣም፤ ወደ ዱአና ወደ ጸበል ነው የሚሄደው። ስለዚህ ቀድማችሁ የምታገኙት እናንተ ናችሁ» ብላቸዋለች። ደግሞም እስኪመጣ አትጠብቁ፣ ቤቱ ሂዱ፣ ብቻችሁን አትሂዱ፣ ስትገቡ ምክር አትጀምሩ፣ አጠገቡ ተቀምጣችሁ ዝም ብላችሁ ስሙት ብላለች። የባጃጁ ሹፌር ማታ መስጊድ ላይ «ይመር ነገ ሊሄድ ነው» ሲላቸው ሼሁ ቄሱን ጠሩና የተማሩትን አንድ ሳያጓድሉ ፈጸሙ።

«እኛ ከመሄድህ በፊት እንድረስ ብለን ነው» አሉ ሼህ አራጋው። «ያ ሻንጣ ከደጅህ ከወጣ አንተም እንደማትመለስ እናውቃለን።»

ሰው ሁሉ ወደ ሻንጣዬ ዞረ። አንገቴን ደፋሁ።

ጉምጉምታ ተነሳ። ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ሥራ ፈታሁ ይላል። አንዱ ጎረምሳ የድንኳኑን ቋሚ ሊነቅል ሲይዝ እማ የሺ ጮኹበት።

«እጅህን አንሳ! የተተከለ ድንኳን ሳይለቀስበት ይነቀላል እንዴ? ሟርት ነው፤ ሰው ይጠራል!»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እውነት ነው፣ በእኛ ዘንድ እንዲያ ይባላል። ባባ ሀምዳንም አንገታቸውን ነቀነቁ፤ «ጡሩምባም ያለ ስም አይነፋም። ስም ስጡኝ» አሉ።

«ታዲያ ለማን እናልቅስ?» አለ አንዱ።

ማንም እኔን አላየም፣ ማንም አልጠየቀኝም። ቃሉ ግን ከአፌ ሲወጣ እኔ ራሴ ሰማሁት።

«ለማቴዎስ።»

«ማቴዎስ ማነው?» አሉ እማ የሺ።

«ጓደኛዬ ነው። የሶዶ ልጅ። አጠገቤ ነው የሞተው። ለእሱ... እኔ አላለቀስኩለትም።»

ስሙን ከዚያ በፊት ለሉባባ እንኳን ነግሬያት አላውቅም። ሼህ አራጋው ሄደው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፤ ቄስ ሞገስም ተከተሉ። ሕዝቡ ገባ። ሉባባ መጥታ ጎኔ ስትቀመጥ ገና ንዴቷ አልበረደም ነበር፤ እጄን ግን ያዘችው።

እማ የሺ ነጠላቸውን አሸርጠው ፊቴ ቆሙ። «እንግዲህ ንገረኝ» አሉ። «ሙሾ ያለ ነገር አይወርድም። እንዴት ያለ ሰው ነው?»

«ሳቂታ ነበር።»

«አይበቃም። ስንቱ ሳቂታ አለ። ምን እያለ ነው የሚስቅ? ቁመቱስ? ምንስ ይወዳል?»

ቀስ ብዬ ጀመርኩ። አጭር ነው፣ ጫማው ግን ከእኔ ይበልጣል አልኩ። ዳጣ ይወዳል፤ የአገሩን የተፈጨ በርበሬ በፕላስቲክ ዕቃ ይዞ ይዞራል፣ ደረቁን የወታደር ብስኩት፣ ኮቾሮውን እየነከረ ይበላል፣ ሌላውንም በግድ ያበላል።

«ያቃጥላል?»

«እማ የሺ፣ እንባ ያስወርዳል። እሱ ግን ‹ይኼ እኮ የሕፃናት ነው› ይለናል።»

ሰው ፈገግ አለ። እማ የሺ አልለቀቁኝም። ሲጠይቁ ልክ እንደ ዳኛ ናቸው፤ መልስ ሳያገኙ አያልፉም። የወሎ አነጋገሬን እየቀዳ እንዴት እንደሚያበግነኝ፣ ያለ ሙዚቃ ብቻውን እንዴት እንደሚጨፍር ነገርኳቸው። ሊተኛ ሲል ሁልጊዜ «በሉ፣ የቀረውን ነገ እንጫወታለን» ይላል አልኩ።

«መጨረሻውስ?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ጎህ ሲቀድ ነው። አንድ ረጅም የመድፍ ድምፅ ከሩቅ መጣ፣ ልክ እንደ... እንደ ጡሩምባው። እኔ ተኛሁ። እሱ ገና አልነቃም ነበር። ማታም እንዳመሉ ነገ እንጫወታለን ብሎኝ ነበር።»

ባባ ሀምዳን ጡሩምባውን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው ከኋላቸው ደበቁት። እማ የሺ አንድ ጊዜ ተነፈሱና አወረዱት፦

«መልክህን አላየን፣ ድምፅህን አናውቅም፣
ሳቅህ ደረሰልን፣ ሶዶም ከእኛ አይርቅም።»

አለቀስኩ። እንዴት እንዳለቀስኩ አልነግራችሁም፤ ሰው ሲያለቅስ አይታችሁ ታውቃላችሁ። የሚገርመኝ እኔ ሳልሆን ሌላው ነው። ማቴዎስን በዓይናቸው ያላዩት የማሽላ ገበሬዎች፣ ሽንኩርት ቸርቻሪዎች፣ የበርታ ሽማግሌዎች አብረውኝ አለቀሱ። ሼህ አራጋው ሙሾ ክልክል ነው ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን እማ የሺ ሲያወርዱ ተነስተው አልወጡም፣ ወደ ማንጎው ዞረው ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ዱአ አደረጉ። ቄስ ሞገስ ጸለዩ። ማቴዎስ ፕሮቴስታንት ነበር ስል እምነቱ እንደ እሱ የሆነ ጎረቤታችን መምህሩ ተነስቶ በእነሱ ወግ ጸለየለት። «ይኼ ልጅ ገነት በሦስት በር ነው የሚገባ» አሉ ቄሱ፤ ድንኳኑ ሳቀ።

እኩለ ቀን ላይ ያ የቀጠርኩት ባጃጅ አቧራውን እያስነሳ ደረሰ። ከውስጡ አንዲት ሴት ዘላ ወረደች። ሲስተር ብርቱካን ነበረች። ለሼሁ ስትደውልላቸው «ይመር ቤት ለቅሶ ላይ ነን» ብለው ዘግተውባታል። ፊቷ አመድ መስሎ በሰው መሃል ገባች።

«ይመር የት ነው የሞተው? ምን ሆኖ ነው?»

«እኔ ነኝ ይመር» አልኳት። አፌ በንፍሮ ተሞልቶ ነበር።

ምንጣፉ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ታሪኩ ሲነገራት መጀመሪያ አፏን ያዘች፣ ቀጥሎ ሆዷን ያዘች።

«መርዶ ይመስላል ብዬ አላሰብኩም! ወይኔ ብርቱካን!» አለች እየሳቀች። «አባ፣ ግን በንጋት ሂዱ ብያችኋለሁ?»

«የቀረውን ሁሉ አድርገናል» አሉ ቄስ ሞገስ ቆጣ ብለው። «ዝምታውን እንኳን እኔ ችዬዋለሁ!»

ሳቁ ሲበርድ ከማንጎው ጀርባ ለብቻዬ አነጋገረችኝ። ያለብኝ በሽታ ስም እንዳለው፣ እብደትም ሆነ የሰይጣን ሥራ እንዳልሆነ፣ የብዙ ወታደር ሕመም እንደሆነና እንደሚታከም ነገረችኝ። «ዛሬ የተጀመረው ትልቅ ነገር ነው፤ ግን በአንድ ቀን አይድንም» አለች። «ወደ እኔ ትመላለሳለህ። መድኃኒት ካስፈለገ ትወስዳለህ። ዱአውም አይቋረጥ፣ ሕክምናውም አይቋረጥ።» በየቀጠሮዬ ተራ በተራ ሼሁና ቄሱ አሶሳ ድረስ አብረውኝ እንዲሄዱ ተስማሙ።

ድንኳኑ ሲነቀል ባባ ሀምዳን ጡሩምባውን ጭኔ ላይ አስቀመጡት። ሰው ሁሉ ደነገጠ፤ እኔም እባብ ያረፈብኝ ያህል ሸሸሁ።

«የእኔ ጥርስ አለቀ» አሉ። «ዛሬም ሳያጣራ ነፋ። አንተ ውሰድ። ሌላ ሰው ሲነፋ አንተ አያውቅም፣ መቼ እንደሚመጣ። ራስህ ከነፋህ ታውቃለህ።»

ሲስተር ብርቱካንን አየኋት። ትንሽ አሰበች። «ቀስ በቀስ፣ በቀን ብርሃን፣ ባባም አብረውህ ሆነው ከሆነ እንሞክረው። ከከበደህ ትተወዋለህ» አለች። ከንፈሬን አስጠግቼ ነፋሁ። የወጣው ድምፅ የጡሩምባ ሳይሆን እናቷ የጠፋችባት ጥጃ ጩኸት ነበር። ሰሚራ ከት ብላ ሳቀች። ልጄ ከተመለስኩ ጀምሮ በእኔ ስትስቅ ያ የመጀመሪያዋ ነው። ደግሜ ነፋሁላት። ሻንጣዬን ሉባባ መቼ ወደ ቤት እንዳስገባችው አላየሁም፤ ማታ ላይ ካፖርቴ በቦታው ተሰቅሎ አገኘሁት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እኔ ላይ ደርሷል። ዛሬ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ እኔ ነኝ። አሁንም የሚከብዱኝ ሌሊቶች አሉ፤ ድኛለሁ ብዬ አልዋሻችሁም። ሲከብደኝ ግን ማን ጋ እንደምደውል አውቃለሁ። ሰንብቼ ለማቴዎስ እናትም ደወልኩ። አሶሳ ላይ ለልጃቸው ድንኳን ተተክሎ እንደነበር ስነግራቸው «ሙሾውን በለኝ» አሉኝ። አልኳቸው። ደግመህ በለኝ አሉ፤ ደገምኩላቸው።

ወገኖቼ፣ ከዚህ የተማርኩት ምንድን ነው ካላችሁ አንዲት ነገር ናት። ሰው ሞቶበት ያላለቀሰ ሰው ቤት ውስጥ ድንኳኑ ሁልጊዜ ተተክሎ ነው የሚኖረው፤ የሚገባበት ለቅሶ ደራሽ ብቻ ነው የጎደለው። በእናንተም ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ምክር አታብዙበት። ሲወድቅ ከተቻላችሁ አብራችሁት ተኙ፤ ከዚያ ደግሞ ሐኪም ጋ አብራችሁት ሂዱ።

ሲስተር ብርቱካን ከዚያ ወዲህ ሥልጠናዋ ላይ አንድ ነገር ጨምራለች፤ ፀሐይ ሞቅ ሲል ሂዱ፣ የመጣችሁበትንም ከአጥር ውጭ ሳላችሁ ተናገሩ ትላለች። በቅርቡ በባምባሲ መንገድ ካሉት መንደሮች በአንዱ የሚኖር አንድ የተሰናበተ ወጣት ከሰው ርቋል ተባለና ሦስታችን ሄድን። ሼሁ፣ ቄሱና እኔ። አጥሩ ጋ ስንደርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ማንም አልሞተም!» አልኩ። ውሻ ጮኸ። በሩ ገርበብ አለ፤ ወጣቱ አንገቱን አውጥቶ ሦስታችንን ተራ በተራ አየን።

«እርግጠኛ ናችሁ?» አለ።

«ዛሬ ማንም አልሞተም» አልኩት። «የድሮውን ግን አንተ ታውቃለህ።»

አስገባን። ተቀመጥን። ዝም አልን። ቄስ ሞገስ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ሼሁ በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው። ወጣቱ ወለሉን ለረጅም ጊዜ አየና፣

«አንድ ጓደኛ ነበረኝ» ብሎ ጀመረ።